ደመና ውስጥ ማብረርን ላስተማሩኝ መምህር ምስጋና

ይህን የምጽፈው በመሣሪያ ብቻ የማብረርን ሀሁ ያስቆጠሩኝን መምህር በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። አስተማሪ የምታፈላልጉ ካላችሁ ግን ጽሁፉ ይጠቅማችኋል።

የመጀመሪያ ትምህርታቸው አውሮፕላንም ሲሙሌተርም የለውም። የሚሽከረከር ወንበር ብቻ ነው። ዓይን አስጨፍነው ቀስ አድርገው ያዞሩታል። ጥቂት ቆይቶ ወንበሩ እየዞረም የቆመ ይመስላል። ሲያቆሙት ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን መዞር የጀመረ ይመስላል። ተማሪው ግራ ሲጋባ እሳቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ ነገሩን ያስረዳሉ። በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የያዙ ቱቦዎች አሉ። መዞር ስንጀምር ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚቀር አንጎል መዞራችንን ያውቃል። በአንድ ፍጥነት መዞራችንን ከቀጠልን ግን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ፈሳሹ ከቱቦው እኩል መሄድ ይጀምራል። ያኔ ስሜቱ ይጠፋል። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪም አውሮፕላኑ አጋድሎ እየታጠፈ፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል።

ቀልድ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ፣ የመሣሪያ በረራ ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች ውጭውን ሳያዩ እንዲያበሩ ተደርጎ ነበር። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም!

ከሁሉ በላይ የወደድኩላቸው ስድስቱን መሠረታዊ መሣሪያዎች አለማስሸምደዳቸውን ነው። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይሄ የሚሠራው በምንድን ነው?» የፍጥነት መለኪያው፣ የከፍታ መለኪያውና የመውጣት መውረድ ፍጥነትን የሚያሳየው በአየር ግፊት ይሠራሉ። አርቲፊሻል ሆራይዘኑ (አውሮፕላኑ ማጋደሉንና አፍንጫው ቀና ወይም ዝቅ ማለቱን የሚያሳየው)፣ አቅጣጫ አመልካቹና የመታጠፍ አመልካቹ ደግሞ በጋይሮ፣ ማለትም በፍጥነት በሚሽከረከር መንኮራኩር። ይህን የለየ ሰው አንዱ ሲያስቸግር ማንን መጠርጠር እንዳለበት ያውቃል። ለምሳሌ ከፊት የሚመጣውን የአየር ግፊት ለፍጥነት መለኪያው የሚያደርሰው የፒቶ ቱቦ ከነውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳው በበረዶ ከተደፈነ፣ አውሮፕላኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የፍጥነት መለኪያው ፍጥነት የጨመረ ያስመስላል። ያንን ያመነ አብራሪ አፍንጫውን ይበልጥ ቀና እያደረገ ያለውን ፍጥነት ይጨርሳል። «መሣሪያህን እመን» የሚል አስተማሪ ሞልቷል። እሳቸው ግን «በሌላ መሣሪያ ሳታረጋግጥ አትመን» ነው የሚሉት።

በረራ ላይ ብዙ አያወሩም። የተማሪው ዓይን ከሆራይዘኑ ወደ አንዱ መሣሪያ፣ ተመልሶ ወደ ሆራይዘኑ፣ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ አለበት። ዓይን አንድ ቦታ ከተተከለ ከፍታው ወይም አቅጣጫው ሲንሸራተት ያዩና «ዓይን!» ይላሉ፤ በቃ። የመውጣት መውረድ መርፌን ማሳደድ በተለይ አይወዱም። መርፌው ትክክለኛውን ቁጥር የሚያሳየው ሰከንዶች ዘግይቶ ስለሆነ፣ እሱን የተከተለ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ይውላል።

ደግሞ ሆራይዘኑንና አቅጣጫ አመልካቹን በካርቶን ሸፍነው «ቀጥል» የሚሉበት ቀን አለ። ያኔ መታጠፉን የምንለካው በመታጠፍ አመልካቹና በሰዓቱ ነው። መደበኛው መታጠፍ በሰከንድ 3 ዲግሪ ነው፤ ወደ መጡበት ለመዞር 180 ዲግሪ፣ ማለትም አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ላብ የሚያስጠምቀው ያቺን ደቂቃ ከፍታ ሳይጥሉ መጨረስ ነው።

በደህንነት ጉዳይ ዝንፍ አይሉም። ውጭ እንዳይታይ የሚከልለውን ቆብ አድርጎ መለማመድ የሚቻለው ውጭውን የሚጠብቅ ሌላ አብራሪ አጠገብ ሲኖር ብቻ ነው። የሚጠቅሱት አሜሪካዊውን አብራሪ ጂሚ ዱሊትልን ነው። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1929 ዱሊትል በተሸፈነ መቀመጫ ሆኖ ተነስቶ፣ በርሮ፣ አረፈ። የፊተኛው መቀመጫ ላይ ግን ለክፉም ለደጉም ሌላ አብራሪ፣ ቤን ኬልሲ፣ ነበር።

እንከን አላቸው? አዎ። መሬት ላይ ሲያስረዱ ሰዓት አያውቁም፤ «ጎበዝ» የምትለዋን ቃልም ይሰስታሉ። ፈተናውን ቶሎ አልፎ መገላገል ለሚፈልግ ሰው አልጠቁማቸውም። ነገሩን ከሥሩ መረዳት ለሚፈልግ ግን ዓይኔን ሳላሽ እመሰክርላቸዋለሁ።

መምህሬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ! ከእሳቸው ጋር መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።