ላታፋ ካምራ፦ ለማታ አሪፍ ነው፣ ለታክሲ ግን ይከብዳል

አዲስ አበባ ውስጥ ሜትር ታክሲ ነው የምሠራው። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ቪትዝ ውስጥ ደግሞ ሽቶ አይደበቅም፤ በሩ ሲዘጋ ማን ምን እንደተቀባ ይታወቃል። ስለዚህ ስለ ሽቶ ባወራ አይግረማችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሳሸት ነው የምውለው።

ካምራን ያመጣችልኝ ዱባይ የምትሠራው እህቴ ናት። ላታፋ የሚባለው የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሽቶ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ወንድም ሴትም ይቀባዋል። ጠርሙሱ ከባድና ቅርጻቅርጽ የበዛበት ስለሆነ ቡፌ ላይ ካስቀመጣችሁት እንግዳ ውስኪ መስሎት ብርጭቆ ይጠይቃል።

ሲረጩት መጀመሪያ የሚመጣው ቀረፋ ነው። ከአልኮሉ ጋር አፍንጫ ይወጋል። ትንሽ ሲቆይ ቴምሩ ብቅ ይላል፤ በስኳር የተቆላ ለውዝ የመሰለ ጣፋጭ ነገርም አለው። ከሰዓታት በኋላ ቆዳ ላይ የሚቀረው ቫኒላና ሞቅ ያለ የዛፍ ሙጫ ሽታ ነው። እኔ የምወደው ይሄንን የመጨረሻውን ነው።

ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ወረቀት ላይ አሽትታችሁ ብር አታውጡ የምለው። አንጓችሁ ላይ ይርጩላችሁና ውጡ። ማኪያቶ ጠጡ፣ ጉዳያችሁን ጨርሱ፣ ከዚያ አሽትቱት። ባለሱቁ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ደግሞ አምስት ስድስት ሽቶ ባንዴ አትሞክሩ፤ ከሦስተኛው በኋላ ሁሉም አንድ ይሆንባችኋል። አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። ሳጥኑ ላይና ጠርሙሱ ሥር የታተመው ቁጥር ካልገጠመ ይቅርባችሁ።

ብዙ ሰው ካምራን ኪሊያን የሚባለው ድርጅት ከሚያወጣው ኤንጅልስ ሼር ከሚባል ሽቶ ጋር ያመሳስለዋል። ያኛው ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። እሱን የሚቀባ ደንበኛ አለኝ። ቀረፋቸው ይመሳሰላል፤ የሱ ለስለስ ይላል፣ የኔ ስኳሩ ይበዛል። ለዋጋው ግን ካምራን የሚያማ ሰው ግፈኛ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ካምራ ጉልበተኛ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድና መስኮት ሲዘጋ፣ የመገናኛ መንገድ ደግሞ ሲቆም፣ መኪናዋ ውስጥ ሌላ አየር የለም። አንዲት እናት ገቡና ወደ ኋላ ዞር ዞር ብለው አይተው «ልጄ፣ ኬክ ጭነሃል እንዴ?» አሉኝ። ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ጣፋጭነቱ ይብሳል።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት የተቀባው ሽቶ ከሰዓት አይሸተውም፤ ጠፋ ብሎ ይጨምራል። ሽቶው አልጠፋም፣ አፍንጫው ለምዶት ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ግን በደንብ ይሸተዋል። ከመጨመራችሁ በፊት ሌላ ሰው ጠይቁ።

እኔ ማታ ስወጣ ሁለቴ ብቻ ነው የምረጨው፦ አንዴ አንገቴ ላይ፣ አንዴ ከሸሚዙ ሥር ደረቴ ላይ። ቆዳችሁ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ሽታ የሌለው ሎሽን ተቀቡ፣ ይቆይላችኋል። ነጭ ሸሚዝና ነጠላ ላይ እንዳትረጩት፣ ቡናማ ስለሆነ ምልክት ይተዋል። ቅዳሴ ስሄድም አልቀባውም፤ እዚያ ዕጣኑ ይበቃል። ሹፌር ጓደኞቼ ደግሞ ዳሽቦርድ ላይ አታስቀምጡት። ሙቀትና ብርሃን ሽቶ ያበላሻል።

ካምራ ቃህዋ የሚባል ቡና የተጨመረበት ወንድምም አለው፣ በ2023 የወጣ። እህቴ እሱን ልላክልህ አለችኝ። ቡናውን እናታችን ቤት በነፃ ነው የማገኘው፣ ብሩን ለጎማ ላኪልኝ አልኳት።