የብርና የጅቡቲ ፍራንክ የቆየ ምንዛሬ በአንድ የስልክ መተግበሪያ

ከጅቡቲ ጋር የሚነግድ የድሬዳዋ ሰው የቆየ የምንዛሬ ተመን የሚፈልገው የድሮ ደረሰኝን ከሂሳብ መዝገብ ጋር ለማስታረቅ ነው። ከዚራ በሚገኘው ቢሯችን የምንጠቀምበት መተግበሪያ በዚህ ረገድ ከሞላ ጎደል ያገለግላል። ቀኑን ሲያስገቡለት የብርንና የፍራንክን ተመን በዶላር በኩል አስልቶ ያወጣል፤ የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ለአንድ ዶላር የተቆረጠ በመሆኑ ስሌቱ ትክክለኛ ሲሆን፣ በሠንጠረዡ ላይ የሚታየው መውጣትና መውረድም በሙሉ የብር ነው ማለት ይቻላል። ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር በነበረበት ዘመን አንድ ብር 86 ያህል ፍራንክ ያወጣ ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶላሩ 5 ብር ሲገባ ግን ወደ 35 ተኩል ወረደ።

ቅር የሚያሰኘው ሥዕላዊ መግለጫው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ገደማ ዘሎ እያለ፣ መግለጫው የሳምንት አማካይ ስለሚወስድ ዝላዩን ቀስ ያለ ዳገት አስመስሎ ያሳያል፤ በዚያ ሳምንት ዕቃ ላስገባ ነጋዴ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። በዚያ ላይ የሚሰጠው የመግዣና የመሸጫ ዋጋ አማካይ በመሆኑ ከባንክ ደረሰኝ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። የዕለቱን ሠንጠረዥ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ግን፣ ቀኑን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ራሱ መመለስ ካላስቸገረው፣ ያለ ክፍያ ከሚገኙት ይህ ይሻላል።