ፓራውልቱ ሲፈታ የታየው ጉዳት፦ ስለ ጋራዡና ስለ ኢንሹራንሱ

ሳሪስ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ አንድ ሚኒባስ ከኋላ ገጨኝ። ቪትዝ መኪናዬ ከላይ ስትታይ የተጫረች ብቻ ነው የምትመስለው፤ "ቀላል ነው፣ እዚሁ ተስማሙ" የሚል ሰው አልጠፋም። የሚኒባሱ ኢንሹራንስ የላከው ገማችም ፓራውልትና ቀለም ብሎ ጽፎ ሄደ።

ጋራዡ ግን ሥራውን የሚያውቅ ነው። ፓራውልቱን አውልቆ ጠራኝ። ከውስጥ ያለው ብረት ተጣሟል፣ የትርፍ ጎማው ወለል ተጨማዷል፣ የኋላ በሩ ሲዘጋ በግራ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። ሳይነካካ እንደተፈታ ፎቶ አንስቶ ተጨማሪ ፕሮፎርማ ሠራልኝ። ለዚህ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

ኢንሹራንሱ ግን አንጀቴን ነው ያሳረረው። "ገማቹ አላየውም" እያሉ አመላለሱኝ። ሳይፈታ እንዴት ይታያል? መኪናዋ ሳትገጣጠም ገማቹ ድጋሚ እንዲመጣ በጽሑፍ ሳመለክት ነው ያጸደቁት። የሶስተኛ ወገን ዋስትና በአዋጅ ግዴታ ነው፣ የንብረት ጉዳትም ይሸፍናል፣ ግን የሚከፍለው ጣሪያ አለው። የተደበቀው ጉዳት ሳይካተት ካሳ ጨርሻለሁ ብላችሁ እንዳትፈርሙ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ኮፒም ከእጃችሁ አይጥፋ።

ጋራዡን እመክራለሁ። ቀለሙ የኋላ በሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ያስታውቃል፣ እሱን ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል።