አሮጌ ፊያት ላላችሁ፦ ሞተር ለክተው የሚሠሩ መካኒክ ልጠቁማችሁ

ፊያት 124 ወይም የዘመኑን ፊያት የምትነዱ ሰዎች፣ ይህችን አንብቡልኝ። በአደባባይ ላመሰግናቸው የሚገባ መካኒክ አሉ።

ከአባቴ የወረስኳት 124 ሞተሯ አርጅቶ ነበር። ሰማያዊ ጭስ ታጨሳለች፣ ዘይት ትጠጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም። ያያት ሁሉ «የጃፓን ሞተር ግጠምባትና ተገላገል» ይለኛል። አንድ ጋራዥማ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን፣ እንኳ ሳይከፍት ነው የፈረደባት።

እኚህ ሰው ግን ከምንም በፊት ለኩ። ሞተሩን አውርደው እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለክተው ቁጥሩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉት። ክብ መሆን የነበረበት ሞላላ ሆኗል። «ልጄ፣ ይሄ ደክሟል። ግን ባዳ አናመጣበትም፣ ከገዛ ዘመዱ እንፈልግለታለን» አሉኝ።

ዘመዱ ያሉት ባለ ሁለት ካሙን (ካም ማለት ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው) 1438 ሲሲ ሞተር ነው። ጣሊያናዊው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የነደፈው ይህ ሞተር የተወለደው ከ124ቱ ከ1197 ሲሲ ሞተር ነው። የፒስተኑ ምት፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው ርቀት፣ በሁለቱም 71.5 ሚሊሜትር ነው። የሚለየው የሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ ከ73 ወደ 80 ሚሊሜትር ያድጋል። ፊያት ራሱ 124 ስፔሻል ቲ ላይ ገጥሞታል። ስለዚህ መኪናዬ ፊያትነቷን አላጣችም። ፍሬኑም አላሳሰባቸውም፤ 124 እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወጣ ጀምሮ አራቱም ጎማው ላይ ዲስክ ነበረው። ያም ሆኖ ፈተው አጽድተው መለሱት።

ያገኘነው ሞተር ያገለገለ ስለነበር እሱንም ሙሉ በሙሉ ፈቱት። ሲሊንደሮቹ ቶርኖ ቤት 0.4 ሚሊሜትር ሰፉ። ፒስተኑ፣ ፋሻውና ኩሽኔታው በአዲስ ተተካ።

በጣም የገረመኝ ቺንጊያው ሲገጠም ነው። ቺንጊያው ከሁለቱ ካሞች ሌላ አንድ ረዳት ዘንግ ያዞራል። ብዙ ሰው የካሞቹን ምልክት አስተካክሎ ይህን ዘንግ ይረሳዋል። የቤንዚን ፓምፑን የሚገፋው ጉብታ ያለው ግን እዚህ ዘንግ ላይ ነው። ቦታውን ከሳተ የሁለተኛውን ፒስተን ቢዬላ፣ ፒስተኑን የሚይዘውን ክንድ፣ ሊመታ ይችላል። አዲስ የተሠራ ሞተር በአንድ ዙር ሊበላሽ ነው ማለት ነው! እሳቸው ሦስቱንም ምልክቶች ነጭ ቀለም ቀቡ። ከዚያ ሞተሩን በቁልፍ፣ በእጃቸው፣ ቀስ አድርገው አዞሩት። እኔንም ጎንበስ አድርገው አሳዩኝ። ምልክቶቹ እንደገና ቦታቸው ላይ መግጠማቸውን ሳያዩ ካንዴላ አላሰሩም።

የቫልቩ ክፍተትም እንደዚሁ። እዚህ ሞተር ላይ ክፍተቱ የሚስተካከለው ከካሙ ሥር በምትቀመጥ ቀጭን ክብ ብረት ነው። ስምንቱንም አንድ በአንድ ለክተው፣ ያልተስማማውን ቀየሩ።

ያወለቁትን ዕቃ በሙሉ በካርቶን አድርገው መለሱልኝ። ይህን የሚያደርግ ስንቱ ነው? ሞተሩ እስኪላመድ ድረስ እንዳላስጨንቀው አስጠነቀቁኝ፤ የመጀመሪያውን ዘይትም ቶሎ አስመጥተው ቀየሩት፣ የቺንጊያውንም ውጥረት እንደገና አዩት። አሁን በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ጭሱ ጠፍቷል፣ ዳገቱንም ማርሽ ሳልቀንስ እወጣዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ለቸኮለ ሰው አይሆኑም። አንድ መኪና ሳይጨርሱ ሌላ አይነኩም፤ ዕቃው ልኩ ካልሆነ ደግሞ «ግድ የለም፣ ይሠራል» ብለው አይገጥሙም። ለእኔ ሙያ ማለት ይሄ ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ መኪናችሁን ማታውኑ እዚያው አሳድሯት። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ መስማት ይፈልጋሉ።