«የተሻሻለ» ሞሲን ሲሏችሁ ኪሳችሁን ጠበቅ አድርጉ

አሜሪካ ያላችሁና አሮጌ ጠብመንጃ የምትወዱ ወገኖች፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቧት።

የሩሲያው ሞሲን ናጋን 91/30፣ የድሮው የሶቪየት ወታደር ጠብመንጃ፣ በ2010 አካባቢ ከ100 ዶላር ባነሰ ይገኝ ነበር። ዛሬ ያ ዋጋ ህልም ነው። ዋጋው ሲወደድ ደግሞ ነጋዴው ዘዴ አመጣ። ጥቁር የፕላስቲክ ሰደፍ ያለብሰዋል፣ መነጽር ይሰካበታል፣ አፈሙዙ ላይ አንድ ነገር ይጨምርና «የተሻሻለ» ብሎ 900 ዶላር ይጠራበታል።

አንድ ወዳጄ በቅርቡ ከጋን ሾው (የጠብመንጃ ገበያ) እንዲህ ያለውን ገዝቶ መጣ። ፈታተን አየነው። መነጽሩ የተሰካው የድሮው ማነጣጠሪያ በነበረበት ቦታ፣ በትንንሽ ብሎኖች ነው። በጣት ስትገፉት ይነቃነቃል። ጥይት የሚገባበት ቦታ ውስጥ ደግሞ ያ ቡናማ የመጋዘን ግሪስ፣ ኮስሞሊን የሚሉት፣ እንዳለ ተቀምጧል። ልብስ ቀየሩለት እንጂ ገላውን አላጠቡትም!

ጣጣው ተኩስ ላይ ይወጣል። ጥቂት ጥይት እንደተተኮሰ ግሪሱ ይሞቅና ቀለሁን ይይዘዋል፤ ማቀባበያው በመዳፍ ካልተመታ አልከፈት ይላል። ወዳጄ ሻጩ ጋ ደወለ። መልሱን ስሙልኝ፦ «ረጅም እጀታ ያለው ማቀባበያ አለኝ፣ 120 ዶላር።» መድኃኒቱ ግን የናስ ብሩሽና የቀለም ማቅጠኛ ነው። በደንብ ፈትጋችሁ አጽዱት፣ ያልቃል።

«ይስታል፣ መነጽር ያስፈልገዋል» የሚለውም ወሬ እንዲሁ ነው። ሶቪየቶች የ91/30ን ማነጣጠሪያ ያስተካክሉት የነበረው ሳንጃው እንደተሰካ ነው። ሳንጃው ሲወልቅ ጥይቱ ወደ ጎን ቢሄድ ምን ይገርማል? የፊቱን ማነጣጠሪያ ትንሽ ወደ ጎን መግፋትና የሰደፉን ሁለት ብሎኖች ማጥበቅ ብዙውን ችግር በነጻ ይፈታል።

የድሮ የጦር መጋዘን ጥይት የምትተኩሱ ከሆነ ደግሞ ዘይት ብቻ አትመኑ። የጥይቱ ማቀጣጠያ በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፣ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። እዚያው ቀን ሙቅ ውሃ አፍስሱበት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ዘይት ቀቡት። ይህን ያልሰማ ሰው በሳምንቱ የዛገ በርሜል ይዞ «አዲስ በርሜል ስንት ነው?» እያለ ይጠይቃል።

ከመግዛታችሁ በፊት በማቀባበያውና በበርሜሉ ላይ ያለው መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ። የተለያየ ከሆነ ማቀባበያው ለዚያ በርሜል ልክ ላይሆን ይችላልና ጋንስሚዝ (የጠብመንጃ ጠጋኝ) በመለኪያ ሳይለካው አንድም ጥይት አትተኩሱ።

ሰደፍ መቀየር ብቻውን ክፋት የለውም፤ የድሮውን እንጨት አስቀምጡት፣ በፈለጋችሁ ቀን ትመልሱታላችሁ። ብረቱን መብሳትና መቁረጥ ግን አይመለስም፤ ሰብሳቢም እንዲህ ያለውን በግማሽ ዋጋ እንኳ አይፈልገውም። መነጽር ያለው ጠብመንጃ ካማራችሁ በ900 ዶላር አዲስ፣ ለመነጽር የተዘጋጀ ጠብመንጃ ገዝታችሁ ለጥይት ይተርፋችኋል።

በርሜሉ ከ16 ኢንች በታች የተቆረጠ ካጋጠማችሁ ግን ዋጋ እንኳ አትጠይቁ። ያለ ፌደራል ምዝገባ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። ቆራጩ ሌላ ቢሆንም እጁ ላይ የተገኘበት ሰውም ይጠየቃል።