የካናቢስ መመርመሪያ ኪት፦ ቀለሙ የሚናገረውና ሕጉ የሚጠይቀው

ካናቢስ ይዞ መገኘት ያስቀጣ ወይስ አያስቀጣ፣ ካስቀጣስ ቅጣቱ ምን ያህል ይሁን የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በሕግ አንቀጾች ዙሪያ ይሽከረከራል። መንገድ ላይ ግን የመጀመሪያውን ቃል የሚሰጠው በፖሊስ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ፣ ዋጋው ሁለት የአሜሪካ ዶላር አካባቢ የሆነ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ኪቱ በተለያዩ አምራቾች ስም ቢሸጥም በውስጡ ያለው ኬሚስትሪ ተመሳሳይ በመሆኑ፣ በዚህ ግምገማ የማንንም ድርጅት ስም ሳላነሳ የምርቱን ዓይነት በጥቅሉ እመዝናለሁ።

ሥራው ዱኬኗ-ሌቪን በሚባለውና መሠረቱ በ1930ዎቹ በተጣለው የቀለም ሙከራ ላይ የቆመ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ሦስት ቀጫጭን የመስታወት ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በመጀመሪያው ቫኒሊንና አሴታልዴሃይድ በአልኮል ተበጥብጠው ይገኛሉ፣ በሁለተኛው ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በሦስተኛው ደግሞ ክሎሮፎርም አለ። ከተጠረጠረው ቅጠል ቁንጥር ተጨምሮ ብልቃጦቹ በተራ ከውጭ በጣት ይሰበራሉ፤ ካናቢስ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል፣ ክሎሮፎርሙ ሲገባም ቀለሙ ወደ ታችኛው የፈሳሽ ንጣፍ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፣ አይከብድም፣ ውጤቱም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይታያል። በዚህ በኩል ምርቱ የሚመሰገን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከአጠቃቀሙ ነው። ትልቁን የማጣራት ሥራ የሚሠራው ሦስተኛው ብልቃጥ ነው፤ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ቡናን ጨምሮ የሌሎች ዕፅዋት ንጥረ ነገሮችም ተቀራራቢ ቀለም ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ ተቻኩሎ እዚያ ላይ ያቆመ ሰው የያዘው ግማሽ ሙከራ ነው። ደግሞም «ወይን ጠጅ» የሚለው ፍርድ የዓይን ፍርድ ነው። በሌሊት፣ በሚሽከረከር ቀይና ሰማያዊ መብራት ሥር፣ ቀይና አረንጓዴን በደንብ ለይቶ የማያይ ሰው (ከወንዶች መካከል እንዲህ ያሉት ጥቂት አይደሉም) የሚያነበው ቀለም የሌላውን ሰው ነፃነት ይወስናል።

እስካሁን የጠቀስኩት ጉድለት በሥልጠና ሊታረም ይችላል። የሚከተለውን ግን ሥልጠና አያርመውም። ሙከራው ምላሽ የሚሰጠው ካናቢኖይድ ለሚባሉት የካናቢስ ንጥረ ነገሮች በጥቅል በመሆኑ፣ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ቀለሙን እንደሚያወጣው ሁሉ የማያሰክረው ሲቢዲም ያወጣዋል። ማንኛውም ካናቢስ በተከለከለበት ዘመን ይህ ጉድለት የሚያሳስብ አልነበረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው የግብርና ሕግ፣ ዴልታ-9 ቲኤችሲው ከደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ካናቢስ ሄምፕ ተብሎ ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ሲወጣ ግን የሕጉ ጥያቄ ተለወጠ። «ይህ ምን ተክል ነው?» የነበረው «በአንድ ግራም ውስጥ ከሦስት ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ አለ?» ሆነ፤ ኪቱ ለዚህ መልስ የለውም። ሕጋዊ ሄምፕ በኪሱ የያዘ ሰውና ማሪዋና የያዘ ሰው ከዚህ ከረጢት ፊት ሲቆሙ አንድ ዓይነት ቀለም ያገኛቸዋል።

ቴክሳስ ይህን በተግባር አይታዋለች። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሄምፕን ሕጋዊ ካደረገች በኋላ፣ የቲኤችሲ መጠን የሚለካ የላቦራቶሪ ውጤት በሌለበት መክሰስ ያልቻሉ የትላልቅ ካውንቲዎች ዐቃቤ ሕጎች በርካታ አነስተኛ የማሪዋና መዝገቦችን ዘጉ። እስከ ሁለት አውንስ ይዞ መገኘት እስከ 180 ቀን እስራትና እስከ 2,000 ዶላር መቀጫ በሚያስከትልበት ግዛት፣ ማስረጃው ለክስ አይበቃም ከተባለ በኋላ ያው ቀለም ሰውን ለማሰር መብቃቱ ሊያነጋግር ይገባል።

ከዚህ የተሻለ ምርት የለም ማለት አይደለም። በስዊዘርላንድ የተዘጋጀውና 4-ኤፒ የሚባለው ሙከራ ቲኤችሲ ለሚበዛበት ናሙና ሰማያዊ፣ ሲቢዲ ለሚበዛበት ደግሞ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም ያሳያል። ይህም ቢሆን የሚናገረው የሁለቱን ንጥረ ነገሮች ሚዛን እንጂ መቶኛን ስላልሆነ፣ ሁለቱ ተቀራራቢ በሆኑበት ናሙና ላይ ቁርጥ ያለ መልስ አይጠበቅበትም። ሆኖም ሄምፕ ሕጋዊ በሆነበት አገር አሮጌውን ኪት መግዛት መቀጠል፣ በእኔ ግምት፣ የቸልተኝነት ግዢ ነው።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እንዲህ ያሉ ኪቶች ለማስረጃነት መዋል እንደሌለባቸው ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። ፍርድ ቤት በላቦራቶሪ ውጤት ቢተማመንም፣ ዋስትና መክፈል ያቃተው ተከሳሽ ውጤቱ ሳይመጣ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ለመውጣት ሲስማማ ከረጢቱ በተዘዋዋሪ የመጨረሻ ፍርድ ሰጠ ማለት ነው። የሂዩስተን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2017 የመንገድ ላይ የዕፅ ሙከራን ሲያቆም የሰጠው ምክንያት የፖሊሶቹ ደኅንነት መሆኑ ይገርመኛል፤ የተያዙት ሰዎች ደኅንነትም ሊቆጠር በተገባ ነበር። እጅግ ትክክለኛ ኪት ቢሠራ እንኳ የማን ኪስ እንደሚፈተሽ አይመርጥም። የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ የአጠቃቀም መጠናቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ጥቁሮች በማሪዋና ይዞታ የመያዝ ዕድላቸው ከነጮች 3.64 እጥፍ ነው።

ሕጉ ሲለወጥ የምርቱ ቦታም ይለወጣል። ካናዳ ከ2018 ጀምሮ ለአዋቂዎች በአደባባይ እስከ 30 ግራም፣ ጀርመን ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ እስከ 25 ግራም ፈቅደዋል፤ ስለዚህ በእነዚህ አገሮች ለፖሊሱ ከቀለም ይልቅ ሚዛን ይጠቅመዋል። ሚዛን ደግሞ ተከሳሹ ራሱ ሊያነበው የሚችለው ቁጥር ያወጣል።

እንግዲህ ኪቱን እንደ ወንፊት ለሚጠቀም፣ ማለትም «ይህ ካናቢስ አይደለም» ብሎ ሰውን ቶሎ ለማሰናበት ለሚፈልግ ተቋም፣ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። ለማሰር ብቻውን እንዲበቃ ለሚፈልግ ግን አልመክርም። የሚገዛ ካለ አንድ ነገር ከአምራቹ እንዲጠይቅ እመክራለሁ፦ በከረጢቱ ላይ ሰዓቱ፣ የብርሃኑ ሁኔታ፣ የታየው ቀለም በእያንዳንዱ ብልቃጥ፣ የምርት ቁጥሩና የሞካሪው ፊርማ የሚሞላበት ቦታ ይኑር። ቀለሙ ከቆየ በኋላ ስለሚለወጥ፣ ጠበቃው ከሳምንታት በኋላ ሊመረምረው የሚችለው ያን ጽሑፍ ብቻ ነው።