የደብረ ማርቆስ ገበያ ሳማ፦ እስሩና ዱቄቱ

ለፍልሰታ ሳማ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ግንዱን ይይ። በጣት ሲሰብሩት ቀጭ የሚል ለጋ ነው። እንደ ቃጫ የሚላጥ ከሆነ አርጅቷል፤ ቢቀቅሉትም ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል። አበባ ያወጣውንም ይለፉት። ከጮቄ ግርጌ በክረምቱ ዝናብ የሚመጣው እስር በዚህ በኩል ብዙም አያሳፍርም፤ በሁዳዴ የሚገኘው ግን አብዛኛው ደረቅ ነው።

ሁለተኛው ስሩ ነው። ከነአፈሩ የታሰረ ሳማ ተነቅሎ የመጣ ነው፣ ቢረክስም አይግዙት። ከጫፉ ሁለት ሦስት አንጓ የተቀነጠበ ዝናብ ካገኘ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የተነቀለው ለከርሞ የለም። ሳማ ዘመዱ በየአገሩ ቢኖርም ይህኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ አይበቅልም። በረት ዳርና አጥር ሥር ስለሚወድ የት እንደተቀጠፈ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ የመንገድ ዳርና የቆሻሻ መጣያ ሳማ ለምግብ አይሆንም።

የሚለበልበው ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያለው የሾለ ጸጉር ነው። ሲነካ ጫፉ ይሰበርና ፈሳሹን ቆዳ ውስጥ ይረጫል። ስለዚህ እስኪበስል ድረስ በጓንት ይያዝ፤ ከፈላ በኋላ አይለበልብም።

ግማሽ ኪሎ ቅጠል ከግንዱ ለይተው ሦስት ጊዜ ይጠቡ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ሲፈላ ይጨምሩና 15 ደቂቃ ያህል ይቀቅሉት። ድስት የሞላው ቅጠል ወዲያው ይሟሽሻል፤ አይደንግጡ፣ ውሃም አይጨምሩ፤ ወጡን የሚያቀጥነው እሱ ነው። በማማሰያ በደንብ ይፍጩት። አንድ የሻይ ብርጭቆ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው እያማሰሉ ያፍስሱበት፤ ደረቁን ከነሰነሱት ይጓጉላል። በትንሽ እሳት ሌላ 15 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨውና የኑግ ዘይት መጨረሻ ላይ። ከገብስ እንጀራ ጋር አቻ የለውም።

በፌስታል ታሽጎ የሚሸጠው ዱቄት ለወጥ ያሳዝናል፤ የትኩሱ ልስላሴ የለውም። ለሾርባ ግን ይሆናል፦ ለአራት ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጥላ ላይ የደረቀው አረንጓዴነቱን ይይዛል፤ ቡናማ የሆነው ፀሐይ በልቶታል። ትንሽ በውሃ ብርጭቆ በጥብጠው ያስቀምጡት፤ ሥሩ አሸዋ ከዘቀጠ ሳይታጠብ የተፈጨ ነው፣ ይመልሱት።